የድንጋዩ ዕድሜና የቅሪተ አካሉ ዕድሜ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ለአንድ የግድብ ጥናት ከቁፋሮ የወጡ የድንጋይ ናሙናዎችን ወደ ቤተ ሙከራ ልኬ ነበር። ጥንካሬያቸው በሚገባ ተለክቶ መጣ፤ ዳሩ ግን በሣጥኑ ላይ ጥልቀቱን አሳስቼ ጽፌ ኖሮ፣ ትክክለኛው ቁጥር ለሌላ ንብርብር ተሰጠ። ስሕተቱ የታወቀው መሠረቱ ሊቆፈር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ዛሬ የማነሣው የጁራሲክ ዘመን ቅሪተ አካላት ዕድሜ ጉዳይ ከግድብ ሥራ የራቀ ቢመስልም፣ ከዚያ ስሕተት ያገኘሁት ትምህርት በእርሱም ውስጥ ይገኛል።

የጁራሲክ ዘመን ከዛሬ 201 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ተጀምሮ ከ145 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ያበቃ ነው። የዚያ ዘመን አጥንት ራሱ ዕድሜውን አይነግረንም። በካርቦን 14 የሚደረገው ልኬት ከ50 ሺህ ዓመታት እምብዛም አያልፍም። አጥንቱን የቀበረው ደለልም ከቀድሞ ተራሮች ተሸርሽሮ የመጣ በመሆኑ፣ የአሸዋው ቅንጣት ቢለካ የሚገኘው የተራራው ዕድሜ እንጂ አጥንቱ የተቀበረበት ጊዜ አይደለም።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከደለሉ ጋር ተነባብሮ ወደሚገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፊታቸውን ይመልሳሉ። ፖታሲየም 40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመታት እኩሌታው ይለወጣል፤ ከሚለወጠውም ከፊሉ አርጎን ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን በማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይጠራቀማል። ዚርኮን የተባለው ማዕድንም ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን ከሞላ ጎደል አይቀበልም፤ ኋላ የሚገኝበት እርሳስ ከዩራኒየሙ የተገኘ ነው። እንግዲህ ከቅሪተ አካሉ በታች ያለው አመድ ከእርሱ ይቀድማል፣ በላዩ ያለውም ይከተለዋል፤ የቅሪተ አካሉ ዕድሜ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ወሰኖቹ ሲራራቁ ግን ጥቅሙ ያንሳል። በዓባይ ሸለቆ የጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ይታያል፤ በአምባው አናት ያለው ባዛልት ግን ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ነው። ባዛልቱን የቱንም ያህል አጥርተን ብንለካ፣ ስለ ኖራ ድንጋዩ የምናውቀው ከዚያ እንደሚበልጥ ብቻ ነው።

ወሰኖቹ ሲቀራረቡ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1861 በጀርመን አገር በባቫሪያ የታወቀው ባለ ላባው አርኪዮፕቴሪክስ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመታት ያህል ነው። ከ1996 ጀምሮ በቻይና በሊያኦኒንግ ላባ መሰል ልባስ ያላቸው ዳይኖሰሮች ታወቁ፤ በ1999 የወጣው የአርጎን ልኬት ግን ዕድሜያቸው ወደ 125 ሚሊዮን ዓመታት መሆኑን አሳየ። ወፎች ከዳይኖሰር መገኘታቸውን የሚቃወሙ ሰዎች «አባት ከልጁ በኋላ ይወለዳልን?» በማለት ዓይነት ተከራከሩ። በ2009 በዚያው አውራጃ ከጥንታዊ ንብርብር የወጣው አንኪዮርኒስ መልስ ሰጠ፤ በዙሪያው ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ 160 ሚሊዮን ዓመታት ይደርሳልና ባለ ላባ ዳይኖሰሮች ከአርኪዮፕቴሪክስ እንደሚቀድሙ ታወቀ።

የእኔን ሣጥን ያስታወሰኝ ግን በውስጣዊ ሞንጎሊያ በዳኦሁጎው የተነሣው ክርክር ነው። በ2004 ኢግኒምብራይት የሚባል፣ ከትኩስ አመድ ተጣብቆ የጠነከረ ድንጋይ ተለክቶ ወደ 160 ሚሊዮን ዓመታት ተገኘ። ለኪዎቹ ድንጋዩ ከቅሪተ አካላቱ በታች ነው፣ ስለዚህ ቅሪተ አካላቱ ከእርሱ ያንሳሉ አሉ። በ2006 ሌሎች ተነሥተው፣ ድንጋዩ በላይ እንጂ በታች አይደለም፣ ስለዚህ ይበልጣሉ አሉ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ቁጥሩ ሳይሆን የትኛው ንብርብር ከየትኛው በላይ ነው የሚለው ነበር። በዚያው ዓመት በአካባቢው ከተለካው ዚርኮን ከ164 እስከ 158 ሚሊዮን ዓመታት የሚደርስ ዕድሜ በመገኘቱ፣ ቅሪተ አካላቱ የጁራሲክ ዘመን ናቸው የሚለው አስተያየት ጸና።

ክቡራትና ክቡራን፤ መሣሪያው የሚለካው የተሰጠውን ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ከየት እንደ ተነሣ፣ በላዩና በታቹ ምን እንዳለ የሚመሰክረው በመስክ የቆመው ሰው ነው። እኛም የቤተ ሙከራ ውጤት ስንቀበል ከቁጥሩ በፊት የናሙናውን ሥፍራ እንጠይቅ።