ፋብሪካው የተወውን ካሜራ ስንገዛ
(በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የአርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ባለፈው ስብሰባ ላይ «አንቺ ስለ ካሜራ ንገሪን፤ ሦስት ልጆች ሊገዙ ተነሥተዋል» ስትሉኝ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ እንደናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ፎቶ የሚባል ነገር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። በኋላ ግን ሳስበው፣ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ገንዘቤን አቃጥዬ ነው። የናንተም አብሮ ከሚቃጠል ልናገር ብዬ መጣሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሐረር የኖራችሁ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት ታውቁታላችሁ። ይህ ሰው ፈረንሣዊ ባለቅኔ ነበር። በፈረንጆች 1880 እዚህ ኤደን መጥቶ በአንድ የቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጠረ፤ ከዚያ ወደ ሐረር ላኩት። ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ በ1883 ሐረር ላይ ራሱን ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከላት። ታዲያ በደብዳቤው ላይ ምን ይላል? የማጥብበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ፎቶዎቹ ነጡብኝ፣ ወደፊት የተሻለ እሠራለሁ ይላል። ይህንን የነገሩኝ የአሠሪዬ አባት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ስሰማ ሳቅሁ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልፎም እኛ እዚያው ነን፤ ሰው አገር ሆነን፣ ለእናታችን ፊታችንን ልንልክ፣ ካሜራው ወይም እጥበቱ ያበላሽብናል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. ሼክ ኡስማን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ገብቼ ካኖን ኢኦኤስ 650 ገዛሁ። የአንድ ወር ተኩል ደመወዜ ሄደበት። ሻጩ «ካኖን ነው፣ ጃፓን ነው» አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው። እንዲያውም ይህ ሞዴል በ1987 የወጣ የመጀመሪያው ኢኦኤስ ነው። ስጫነው ቀጭ አለ፣ ሌንሱ ዝዝ ብሎ በራሱ አጠራ፤ ደስ አለኝ፣ ይዤው ወጣሁ። ከኋላ ከፍቼ አላየሁትም።

በሁለተኛው ወር አንዲት የወሎ ልጅ፣ እዚህ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት፣ ኒካህ አሰረች። እናቷ ኮምቦልቻ ሆና ፎቶ ትጠብቃለች። «አንቺ ካሜራ አለሽ፣ አንሺኝ» አለችኝ። አንድ ሙሉ ፊልም፣ 36 ፎቶ አነሣሁ። ሲታጠብ ከ36ቱ ሰው የሚታይባቸው 4 ብቻ ሆኑ። የቀሩት ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ጭራሽ ባዶ። በ4ቱም ላይ ሙሽራዋ በደንብ አትታይም። «ልብሱን ልበሽውና በሌላ አርብ ልድገምልሽ» ብላት፣ ልብሱ የኪራይ ነበር፤ ተመልሷል። ልጅቱ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሜራውን የሚጠግን ሰው ፈልጌ አሳየሁት። ከኋላ ከፈተና በባትሪ መብራት አበራበት። ፊልሙ ፊት ያሉት ቀጫጭን የሻተር ቅጠሎች ላይ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነበር። ውስጡ ቅጠሎቹ ሲመለሱ የሚያርፉበት ትንሽ ላስቲክ አለ፤ እሱ ሲያረጅ ይቀልጥና ቅጠሎቹን ያጣብቃል። በዚያ ዘመን በወጡት ኢኦኤሶች፣ በ650፣ በ620፣ በ600 ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ሲጠረግ ለጊዜው ይሠራል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ የኤደንን ሙቀት ለናንተ አልነግራችሁም።

ካሜራዎቹ ለምን እንደረከሱም እወቁ። ዲጂታል ሲመጣ ፋብሪካዎቹ ፊልሙን ተዉት። በ2006 ጥር ላይ ኒኮን ከኤፍ 6 እና ከኤፍኤም 10 በስተቀር የፊልም ካሜራ መሥራት አቆማለሁ አለ። በዚያው ወር ሚኖልታ ጭራሹን ከካሜራ ሥራ ወጥቶ ለሶኒ አስረከበ። ካኖንም ከ2004 ወዲህ አዲስ የፊልም ካሜራ አላወጣም። ስለዚህ ድሮ ሀብታም ብቻ የሚይዘውን ዛሬ እኛም እንገዛዋለን። ግን ፋብሪካው የተወውን ዕቃ ስትገዙ ዋስትና የለም፣ መለዋወጫ የለም። ስም አትግዙ። እዚህ ኤደን ውስጥ ድንጋዩን፣ ሌንሱንና ፊልሙን የምታገኙለትን ግዙ።

በእጄ የያዝኳቸውንና ገበያችን ላይ የሚታዩትን ላወዳድርላችሁ።

አንደኛ፣ ሚኖልታ 7000። በ1985 የወጣ ነው፤ በራሱ የሚያጠራ ሞተር ቦዲው ውስጥ ይዞ ገበያውን የለወጠው እሱ ነው። ዋጋው ከሁሉ ይረክሳል። ድንጋዩም በየሱቁ የሚሸጠው ቀጭኑ፣ አራት ፍሬ ነው። ነገር ግን አርጅቷል። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር የሚታይበት መስታወት እንደ ቀለም ጠብታ እየጠቆረ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጣው 7000 አይ ደግሞ የፍላሽ መቀመጫው የራሱ ዓይነት ብቻ ነው፤ የሌላ ፍላሽ አይገባበትም። ሌንሶቹ ግን ጥሩ ናቸው፣ በሶኒ ዲጂታልም ላይ ይሠራሉ።

ሁለተኛ፣ ካኖን ኢኦኤስ 300። በ1999 የወጣ፣ ቀላል፣ ፍላሹ አብሮት ያለ። አንድ የምወድለት ጠባይ አለው። ፊልሙን ስታስገቡ መጀመሪያ ሁሉንም ጎትቶ ያወጣና፣ በየፎቶው አንድ አንድ እያለ ወደ ቆርቆሮው ይመልሰዋል። ስለዚህ ልጅ ሳያውቅ ከኋላ ቢከፍተው ያነሣችሁት ቆርቆሮው ውስጥ ገብቶ ተርፏል፤ የሚቃጠለው ያልተነሣው ነው። ችግሩ ድንጋዩ ነው፤ ሲአር 2 የምትባለዋን ሁለት ይፈልጋል። ውድ ናት፣ በየሱቁም አትገኝም። ፍላሽ ካበዛችሁ ቶሎ ታልቃለች።

ሦስተኛ፣ ኒኮን ኤፍ 80። በ2000 የወጣ ነው፤ ካየኋቸው ሁሉ ለእጅም ለዓይንም የሚመች እሱ ነው። ፍላሽ አለው፣ አሮጌውንም አዲሱንም ኦቶፎከስ ሌንስ ያሠራል። ድንጋዩ ሲአር 123 ሁለት ፍሬ ነው። ይህችም ውድ ናት፣ ግን ፎቶ ቤቶች ዘንድ ትገኛለች። ገንዘብ ያላት ይህንን ብትገዛ አትጸጸትም።

አራተኛ፣ ኒኮን ኤፍ 801 እና ታናሹ ኤፍ 90 ኤክስ። እኔ አሁን የያዝኩት ኤፍ 801 ነው፤ በ1988 የወጣ። ይከብዳል፣ ፍላሽ የለውም፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ለማጥራት ይዘገያል። ታዲያ ለምን ገዛሁት? ለድንጋዩ! ሬዲዮ ላይ የምንከተውን የጣት ድንጋይ አራት ይበላል። ሰርግ መሐል ቢያልቅ ታች ያለው ባቃላ ዘንድ ልጅ ልኬ አስመጣለሁ። የግማሽ ወር ደመወዜን ነው የፈጀው። ኤፍ 90 ኤክስ በፍጥነት ይበልጠዋል፣ ግን የኋላ ክዳኑ በሙቀት እንደ ማር ይጣበቃል። በአልኮል ሲጠረግ ይለቃል፤ በዚያ ዋጋ አስቀንሱበት። ለሁለቱም ሌንስ ስትገዙ ዙሪያው ላይ የቀዳዳው ቁጥር ያለበት ቀለበት መኖሩን እዩ። ቀለበት የሌለው አዲሱ ሌንስ ይገጥማል፣ ግን በሙሉ አይታዘዝም።

እንግዲህ ገበያ ስትሄዱ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ ድንጋይ፣ የተበላሸ ፊልም፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ። ሻጩ «ድንጋይ ስለሌለው ነው እንጂ ይሠራል» ካላችሁ የራሳችሁን ክተቱበት። መጀመሪያ የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ ተዉት። ከዚያ ከኋላ ክፈቱና በሻተሩ ቅጠሎች ላይ አብሩ፤ ጥቁር ቅባት ካያችሁ ካኖንም ይሁን ማንም ይሁን መልሱለት። ሌንሱን አውልቃችሁ፣ ክዳኑን እንደከፈታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩና በፈጣኑም በዘገምተኛውም ፍጥነት ደጋግማችሁ ተጫኑ። በየጊዜው ብርሃን ብልጭ ማለት አለበት። ሌንሱንም በብርሃን ተመልከቱ፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ በሽታ ነው። ሌንሱን መልሳችሁ ግጠሙና አንዴ ወደ ፀሐይ፣ አንዴ ወደ ጥላ አዙሩት፤ ቁጥሩ ካልተለዋወጠ ብርሃን መለኪያው ሞቷል። በመጨረሻ የተበላሸውን ፊልም ክተቱና ጎትቶ እስከ መጨረሻ መሄዱን፣ መልሶም መጠቅለሉን እዩ። ሻጩ ይሰላቻል። ይሰላች! የሚከፈለው የናንተ ላብ ነው።

ከገዛችሁም በኋላ አንድ ፊልም ለሙከራ አንሥታችሁ፣ አሳጥባችሁ፣ ሳታዩ የማንንም ሰርግ አትቀበሉ። የኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ካሜራው ቢያታልለኝም የሰው ቀን ላይ የሞከርኩት እኔ ነኝ።

ፊልሙን ሙቀት ላይ አታስቀምጡ። ፍሪጅ የምትጠቀሙ ከሆነ አስፈቅዳችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ሲወጣ ደግሞ ወዲያው አትክፈቱት፣ ቤቱን እስኪመስል ጠብቁት፤ አለዚያ ያልበዋል። ተነሥቶ ያለቀውን ቶሎ አሳጥቡ።

«ሁሉ ሰው ዲጂታል እያለ ለምን ፊልም?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ፊትሽን ለእናትሽ ለመላክ ብቻ ከሆነ ካሜራ አትግዢ፤ ፎቶ ቤት ሂጂ፣ ይረክሳል። ፊልም የሚጠቅመው በአርብ አርብ ትንሽ ገቢ ለምትፈልግ፣ ዲጂታሉን ለመግዛት ደግሞ ለማይደርስባት ነው። በሴቶች ሰርግ ላይ ካሜራ ያለው ሞባይል በር ላይ ሲሰበሰብ አይታችኋል። ፎቶዬ ወዴት ይሄድ ይሆን ብለው ስለሚፈሩ ነው። እኔ ሴት ነኝ፤ ሲታጠብ እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ኔጋቲቩን ቆጥሬ ለሙሽራዋ በእጇ እሰጣለሁ። «አንቺ ዘንድ ነው፣ ሌላ የለም» እላታለሁ። የሚጠሩኝ ለዚህ ነው። ሳይፈቀድላችሁ ግን ማንንም አታንሡ፤ የአሠሪዎቻችሁን ቤትና ልጆችማ በጭራሽ።

ፊልም የሚያጥበውም ቤት አንድ ቀን መዝጋቱ አይቀርም። ያን ዕለት ቦዲው የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል፤ ሌንሱ ግን ይተርፋል። የካኖን ኢኦኤስ ሌንስ በካኖን ዲጂታል ላይ ይገባል። የኒኮኑም ይገባል፤ እንደ ዲ 40 ያሉት ትንንሾቹ ግን ሞተር ስለሌላቸው አሮጌውን ሌንስ በእጅ ማጥራት ግድ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ሌንሱ ላይ አድርጉ፣ ቦዲው ላይ ቆጥቡ።

ያቺ የወሎ ልጅ ባለፈው ዓመት ወለደች። ሄጄ በዚህ በከባዱ ኒኮን አነሣኋት፤ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ከ36ቱ 33ቱ ወጡ። እናቷ ኮምቦልቻ ሆነው የልጅ ልጃቸውን አይተዋል። የሰርጉን ግን እስከ ዛሬ አላዩም፤ አያዩምም።

ለመግዛት የተነሣችሁት ሦስታችሁ ከፈለጋችሁ በሚቀጥለው አርብ አብሬያችሁ ገበያ እወጣለሁ። ድንጋዩንና የእጅ ባትሪውን እኔ እይዛለሁ። አንድዬ ልፋታችሁን ይባርክላችሁ።