ስለ እድራችን ሞሰቦች
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በዕቃ ቤት ኮሚቴ የተደረገ ንግግር)



እኛ የዕቃ ቤቱን አደራ የሰጣችሁን አባሎች ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንኳኑና ስለ ድስቱ አይደለም፤ እነሱ በሪፖርቱ ተነግረዋል። የምንናገረው ስለ ሞሰቦቻችን ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ለቅሶ ቤት እንጀራው ከሞሰብ ሲነሣ ሥሩ ቀልቶ እንደ ተገኘ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማቅረባችን አሳፍሮናል። ጥፋቱም የሰፊዋ አይደለም፤ ሞሰቡን ሳንፈትሽ የተረከብነው እኛ ነን።

ታዲያ ቀለሙ ከየት መጣ? በደባርቅም ሆነ በዳባት ስፌት ሲባል እናቶቻችን የሚያውቁት አክርማና ስንደዶ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ገሚሱ በፈላ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል፤ ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይሰፋል። ሣር ቀለም ይጠጣል። በደንብ ከተቀቀለና ከታጠበ ብዙም አይለቅም። ዛሬ ግን የግጦሹ መሬት እየታረሰ ሣሩ ርቆናል። ወደ ላይ እንዳንወጣ ደግሞ ስሜን ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እዚያ ያለው ሣር የዋልያ ቀለብ ነው፤ ከዋልያ ጋር አንሻማም።

ስለዚህ ሴቶቻችን ብልሃት ፈጠሩ። ባለ 50 ኪሎውን የማዳበሪያ ጆንያ እየተረተሩ በክሩ መስፋት ጀመሩ። እኛም መጀመሪያ ላይ አፍንጫችንን ነፍተን ነበር፤ «የማዳበሪያ ሞሰብ ለለቅሶ ቤት!» ያልን ነን። ኋላ ስናየው ግን ክሩ ጠንካራ ነው፣ አይነቅዝም፣ በውኃ ይታጠባል። ችግሩ ሌላ ነው። የጆንያው ክር ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ስለሆነ ቀለም አይጠጣም። እንደ ስንደዶ ቢቀቅሉት ቀለሙ ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀርና የእንጀራው ወበቅ ሲነካው ይለቃል። ያ ቀይ ሞሰብ የተሠራው እንዲሁ ነው። ለአበባ መሥሪያ የሚሸጠው ባለ ቀለም ወረቀትማ ከዚህም ይብሳል፤ እርጥብ እጅ እንኳ አይችልም። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ወረቀቱን እየሰነጠቁ የሚሠሩት ጥልፍልፍ ያምራል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሞሰብ ላይ ግን አይግባ።

አንዳንድ አባሎች ከጎንደር የፕላስቲክ ሞሰብ ገዝተን እንገላገል ብለዋል። ዋጋው ርካሽ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከመካከላችን በስፌት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፤ በየወሩ መዋጯቸውን የሚከፍሉት ከዚያው ነው። የእነሱን መዋጮ ተቀብለን ሞሰቡን ከሌላ የምንገዛ ከሆነ፣ ምን ዓይነት እድር ነን እንላለን?

ስለሆነም የምንጠይቀው ይህን ነው። ስድስት ሞሰብ ከራሳችን አባሎች እንዲሰፋ ገንዘብ ይፈቀድልን። እንጀራ የሚነካው የውስጡ ክፍል ቀለም ያልገባበት ሣር ይሁን፤ ውጪውና እግሩ በማዳበሪያ ክር ይሰፋ። ቀለም ከተፈለገ ጆንያው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቢጫና አረንጓዴ ይበቃል። የጸረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ግን ቢታጠብም ባይታጠብም አንቀበልም፤ ይህ ቀልድ የለውም። ሲረከቡም በእርጥብ ነጭ ጨርቅ በደንብ ማሸት ነው፤ ጨርቁ ከቀላ ሞሰቡ ይመለሳል፣ ሰፊዋም እንዳትቀየመን ከወዲሁ እንነግራታለን።

አንድ ነገር ረስተን ነበር። ይህ ክር ፀሐይ አይወድም፤ ብዙ ከሰነበተበት ይሰባበራል። ከለቅሶ በኋላ ሞሰቡን አጥባችሁ ደጅ ላይ የምትተዉ ወጣቶች፣ ጥላ ሥር አድርጉልን።

ንጹሕ ባዶ ጆንያ ያላችሁ ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ አስረክቡ። አሁን ጋሼ ሊቀ መንበሩ ድምፅ ያሰጡልን።