የትንንሽ ሰዎች ፎቶግራፍ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የቆምሁበት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። ይኸውም ጣት የምታህል የሰው ምስል ሠርቶ፣ ከሰፌድ፣ ከሲኒና ከማበጠሪያ ጋር አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ደግሞ አሻንጉሊት ይጫወታል ወይ?» የሚል ካለ አልቀየመውም፤ እኔም አስቀድሜ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ሆኖም መልሱን እስክናገር ድረስ ትታገሡኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ሥራው በውጭ አገር የታወቀ ነው። ታትሱያ ታናካ የተባለ ጃፓናዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀኑ አንድ እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያወጣ ቆይቷል። ብሮኮሊ የተባለው አትክልት በእርሱ እጅ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ስሊንካቹ በሚል ስም የሚጠራው እንግሊዛዊም በዚሁ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ትንንሽ ሰዎችን በሎንዶን ጎዳናዎች ላይ እያቆመ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉት ለአሻንጉሊት ባቡር የተሠሩ ምስሎች ሲሆኑ፣ የተለመደው ልካቸው 1 ለ87 ነው። ስለዚህ 174 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰው በ2 ሴንቲ ሜትር ይወከላል ማለት ነው።

ነገር ግን ትንሽ የሰው ምስል ለማየት ቶኪዮ ወይም ሎንዶን መሄድ አያስፈልገንም። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ አለች። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከጭቃ ሰውና አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን ጭምር እያበጁ፣ እየተኰሱ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ፣ ሥራውን የቀሩት ጎረቤቶቻቸው ቀጥለውበታል። እነዚያን ሴቶች ያገሬ ሰው «ቡዳ» እያለ ሲሸሻቸው ኖሯል፤ በሠሩት ምጣድ ግን እንጀራውን ይጋግር ነበር። ዕቃውን ወዶ እጁን መናቅ፣ አሳዛኝ ነገር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የተወለድሁት በአብርሃ ጅራ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅልበታል። ባለፈው ዓመት በመኖሪያ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ያንን አገር ለመሥራት ተነሣሁ። ሰፌዱ እርሻ ሆነ። የተደፋ ሲኒ ጎጆ፣ ማበጠሪያ አጥር፣ ጀበና ተራራ ሆኑ። የነጠላ ሰማያዊ ጥለት፣ ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለውን የጓንግን ወንዝ ሆነልኝ። ከጭቃ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሰዎች ሠርቼ፣ በሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ ሰሊጥ በተንሁ። የሰሊጥ ፍሬ ርዝመት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በእነዚያ ሰዎች ልክ ሲታሰብ ግን እያንዳንዷ ፍሬ እንደ ትልቅ ድንች ሆነች።

ፎቶግራፉን ያነሣሁት በእጅ ስልክ ነው። መሞከር ለሚሻ ሁለት ሦስት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ካሜራው ከትንሹ ሰው ዓይን ጋር ይስተካከል፤ ከላይ ወደ ታች ከታየ ሰውዬው አሻንጉሊት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ወደ ነገሩ እጅግ በተጠጋን ቁጥር ጠርቶ የሚታየው ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዋናዎቹን ነገሮች ከካሜራው በእኩል ርቀት ማቆም ይበጃል። ሦስተኛ፣ ከመስኮት በጎን የሚገባ ብርሃን ከመብራት ይሻላል፤ ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ግን ስልኩን መጽሐፍ ላይ ማስደገፍ ያስፈልጋል፤ እጅ ይንቀጠቀጣልና።

ጓደኞቼ ሥዕሉን አይተው ሳቁ፤ አመሰገኑኝም። እኔም ኰራሁ።

በክረምቱ ዕረፍት አገሬ ስገባ፣ ለሰሊጥ አረም ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች አገኘሁ። በእኛ አገር ሳሉግ ይባላሉ። ከመካከላቸው ለአንድ ጐልማሳ ሰው ሥዕሉን አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ሳይስቅም እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ እነዚህ እኛ ነን?»

«አዎን» አልሁት።

«ታዲያ ይህ ጎጆ የማነው? ሰሊጡ ሲታጨድ እኛ የምናድር ግራር ሥር ነው።»

መልስ አጣሁ። በዚያው አገር ተወልጄ፣ በዚያው መንገድ ተመላልሼ፣ ሰዎቹ የት እንደሚያድሩ አላየሁም ነበር። ለሥዕሉ ማማር ስል ቤት የሌለውን ሰው ባለቤት አደረግሁት።

ነገሩ የማማር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ቋቱ ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ከእርሻው ርቆ ማደር አይችልም። በመተማና በሁመራ ቆላ ደግሞ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እንደ ሰሊጡ ፍሬ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የሚናከሰው በሌሊት ነው፤ በተሰነጣጠቀው ዋልካና በግራሩ አካባቢ ይገኛል። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። እንግዲህ እኔ በአንዲት ሲኒ የሸፈንሁት ነገር ይህ ነበር።

ስመለስ ሥዕሉን እንደገና ሠራሁ። ሲኒውን አነሣሁና አንዲት የእሾህ ቅርንጫፍ በሰፌዱ ላይ ተከልሁ። ሰዎቹን ከሥሯ አስተኛኋቸው። ከአጠገባቸው አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ብቻ አስቀመጥሁ። ይህን ሥዕል ሲያይ የሳቀ የለም፤ አንድ የጤና ተማሪ ጓደኛዬ ግን ስለ በሽታው አንድ ሰዓት ሙሉ አጫወተኝ።

ውድ ጓደኞቼ፤ አንድ ሺህ የሰሊጥ ፍሬ ሦስት ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ውስጥ ከ30 ሚሊዮን ያላነሰ ፍሬ አለ ማለት ነው። እኛ የምንሰማው የኩንታሉን ዋጋ ነው፤ ነዶውን ገልብጦ በሸራ ላይ ያራገፈውን ሰው ግን ከሩቅ ስለምናየው ትንሽ ይመስለናል። ትንሽ ያደረገው ርቀታችን ነው እንጂ ቁመቱ አይደለም።

«አሻንጉሊት ይጫወታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ አዎን፣ እጫወታለሁ፤ ግን ጨዋታው ዝቅ ብዬ እንዳይ አስተምሮኛል። እናንተም እያንዳንዳችሁ የመጣችሁበትን አገር በጠረጴዛ ላይ ሥሩት፤ ሰፌድና ክብሪት የሌለበት ቤት የለም። ሥዕሉ ባለቀ ጊዜ ግን አስቀድማችሁ ለእኛ ለተማሪዎቹ አታሳዩን። በሥዕሉ ውስጥ ላቆማችሁት ሰው አሳዩትና «ምን ጐደለ?» ብላችሁ ጠይቁት።