ፊልምም የደቦ ሥራ ነው
(ለጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ፊልም ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ፊልም ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ገበሬ የተሠራ፣ ገበሬም ራሱ የተሳተፈበት አንድ ፊልም አለ። ስሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። ያዘጋጀው የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ ነው።

ኃይሌ በአሜሪካ አገር የፊልም ሙያ ይማር ነበር። ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዘመን ወደ አገሩ መጥቶ ፊልሙን አነሳ። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ነው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ቤተሰቡ ከንጋት እስከ ማታ ይለፋል። ባለመሬቱ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኽባቸዋል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የጌታዋን ላም ከወንዝ ሙላት አድናለሁ ስትል ትሞታለች። በአንድ ቦታ ላይ ሰዎች እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሕልም ይታያል። መሬቱን የተቀማና ሰው እብድ ነው የሚለው ከበበ የሚባል ሰውም አለ። እውነቱን ደፍሮ የሚናገረው ግን እሱ ነው።

እስቲ አስቡት! ጭሰኛ በጌታው ፊት ቀና ብሎ በማይናገርበት አገር ይህን ታሪክ በአደባባይ ማሳየት ድፍረት አይደለም ወይ? የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ኑሮ ታላላቆቻችን ያውቁታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሠራው? አልሠራውም። ፊልም እንደ አጨዳ ነው፤ ብቻውን የገባበት ሰው አዝመራው ይረግፍበታል። አንዱ ካሜራ ይይዛል። ሌላው ድምፅ ይቀዳል። ሌላው ደግሞ የተነሳውን እየቆረጠ ይቀጥላል። አዘጋጁ እንደ ደቦ አባት ሆኖ ሁሉንም ያስተባብራል። ከመካከላቸው አንዱ ከሰነፈ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት ሰዎች የቲያትር ሙያ የተማሩ አልነበሩም። ገበሬ ሆነው የታዩት ገበሬዎች ናቸው። ለገበሬ ሞፈር መጨበጥን ማን ያስተምረዋል? ሥራውን ስለሚያውቁት፣ ችግሩንም ስለኖሩበት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚታየው ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ተነስቶ አለቀ። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ ጉልበቱና ልቡ ግን የጋራ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በትልቅ ኩባንያ ገንዘብ የሚሠራ ፊልም ብዙ ጊዜ ኩባንያው ያዘዘውን ይናገራል። ገንዘብ ያወጣ ቃል ያዛል። ኃይሌ ይህን አልፈለገም። በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ ባሪያ ንግድ የሚናገር «ሳንኮፋ» የሚባል ፊልም ሠራ። አሜሪካ ውስጥ ፊልም አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እሱና ባልደረቦቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ሕዝቡም መጥቶ አየው።

ከዚህ ምን እንማራለን? የእኛን ታሪክ እኛ ካልነገርነው ሌላ ሰው እንደፈለገው ይነግረዋል። ካሜራ የለንም፤ ፊደል ግን አለን። ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ለሚመጣው ሳምንት አምስት አምስት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። አንዱ ይናገር። ሁለቱ ይጻፉ። አምስተኛው ያነብና «ይህ እውነት ነው፣ ይህ ተጋኗል» ብሎ ያርም። ስለ ድርቁ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ መሬቱ ጻፉ። የሚያሳፍር የሚመስለውንም አትዝለሉት፤ ብዙ ጊዜ እውነቱ ያለው እዚያ ነው። የጻፋችሁትን በጉባኤ እናነበዋለን።