ሕግ አጥር ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐዋርያው ጳውሎስ በጠላቶቹ እጅ እንዳይወድቅ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት በሕግ ማስጠበቅ የእምነት ማነስ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ398ኛው አንቀጹ ቤተ ክርስቲያናችንን በሕግ ፊት እንደ ሰው ይቈጥራታል፤ ንብረት ልትይዝ፣ በዳኛ ፊትም ልትቆም ትችላለች። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ግን የገጠር መሬቷን ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ደብሩንና ጉባኤ ቤቱን በብዙ ያቆመው የምእመናን እጅ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ፤ ይሁን እንጂ በ27ኛው አንቀጹ አማኞች ሁሉ የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ መብት ሰጠ።

በሰንበቴ ገበያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሚዛን ይገበያያሉ። ሕጉም እንደዚሁ አንድ ሚዛን ነው፤ የዜማ ቤታችንን የሚጠብቀው አንቀጽ የጎረቤታችንን መድረሳም ይጠብቃል። የእርሱ ሲደፈር ዝም ያልን እንደ ሆነ፣ የእኛ በተደፈረ ጊዜ በምን አፍ እንጮኻለን?

ነገር ግን አጥር ያለ ጠባቂ ከንቱ ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ብራና በጠፋ ጊዜ የእኛ ለመሆኑ ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ ንዋየ ቅድሳቱን እንመዝግብ፤ የይዞታውን ማስረጃ በእጃችን እንያዝ፤ ሒሳቡንም ለምእመናን እንግለጥ። ልጆቻችንንም ወደ የኔታ እንላክ፤ ተማሪ የሌለበትን ጉባኤ ቤት የትኛውም አዋጅ አያድነውምና።

የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር።