የጎረቤት ክኒንና የወር አበባ መዛባት

በሙንዮንዮ፣ ካምፓላ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተሰጠ የጤና ትምህርት



ዛሬ የምንነጋገረው በሹክሹክታ ብቻ ስለሚወራ ጉዳይ ነው። አንዲት እኅት የወር አበባዋ ሲቀር ወይም ልጅ ሲዘገይባት፣ ጎረቤቷ «እኔን አድኖኛል» ብላ ክኒን ታካፍላታለች። ምክሩ ከደግነት የመጣ ነው። ሆኖም አንዱ ምልክት ብዙ ምክንያት ስላለው፣ ለአንዷ የሚበጀው መድኃኒት ሌላዋን ሊጎዳ ይችላል።

የወር አበባን የሚያዝዙት በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ እርግዝና መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ቀጥሎ ደም ይመረመራል።

በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ከደከመ ሌቮታይሮክሲን ይታዘዛል፤ ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። ሳታጠባ ጡቷ ወተት የሚያወጣ ሴት ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በዝቶባት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ካበርጎሊን ወይም ብሮሞክሪፕቲን አለ። የወር አበባዋ እየተዘለለ፣ ብጉርና የፊት ፀጉር የሚበዛባት ደግሞ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው ችግር ሊኖርባት ይችላል። ልጅ ከፈለገች እንቁላል እንዲወጣ ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፊን ይሰጣታል። እነዚህ መንታ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ለእርጉዝም ስለማይሰጡ ያለ ሐኪም ክትትል አይወሰዱም።

ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ከዚያ ወዲህ ወተትም የወር አበባም የቀረባት እኅት ይህን ለሐኪሙ ሳትነግር አትመለስ፤ በአንጎል ሥር ያለችው እጢ ተጎድታ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ግን በክኒን አይድንም። ረሃብ፣ ጭንቀትና የስደት መንገድ የወር አበባን ያስቀራሉ፤ መድኃኒቱ በቂ ምግብና ዕረፍት ነው። የወሊድ መከላከያ መርፌ ያቆመችም ለመፅነስ ወራት ሊፈጅባት ይችላል።

የወር አበባችሁ ሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም ዓመት ሙሉ ሞክራችሁ ካልፀነሳችሁ ተመርመሩ፤ ከ35 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ስድስት ወር ይበቃል። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደተከፈተው የሙላጎ የሴቶችና የጨቅላ ሕፃናት ልዩ ሆስፒታል እንዲልኳችሁ ጠይቁ። ቋንቋ ካስቸገራችሁ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ወንድሞች ሆይ፤ ችግሩ ከወንድ በኩልም ይሆናልና አብራችሁ ተመርመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው በዓለም ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ሳይመረመሩ ሚስትን «መካን» ብሎ ትዳር ማፍረስ ግፍ ነው።