አትላንታን ከልጆች ጋር

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወላጆች የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጆቹን አትላንታ ውስጥ የት እንውሰዳቸው?» ልጆችን ይዤ ከተማዋን ሳስጎበኝ ከተማርኩት ልነሣ። በአንድ ቀን አራት ቦታ የዞረ ልጅ ማታ የሚያስታውሰው ድካሙን ነው። አንድ ቦታ ምረጡና ጠግቦ እስኪጠይቅ ድረስ አቆዩት።

የጆርጂያ አኳሪየምን እንውሰድ። የሆም ዲፖ መሥራች ከሆኑት አንዱ፣ በርኒ ማርከስ፣ 250 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተውበት በፈረንጆች 2005 ተከፈተ። ትልቁ ገንዳ 6.3 ሚሊዮን ጋሎን ጨዋማ ውኃ ይይዛል። በሥሩ ወለል ለወለል የሚሄድ ጥርት ያለ ዋሻ አለ። እዚያ ቁሙ። ማንታ ሬይ ክንፍ የመሰለ አካሉን እያራገበ ከራሳችሁ በላይ ሲያልፍ ነጭ ሆዱን፣ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሆነው የተሰደሩትን የስንጥቦቹን ክፍተቶች ታያላችሁ። ልጆቹ ሁልጊዜ «ይነክሳል?» ይላሉ። አይነክስም። አፉን ከፍቶ ይዋኛል፤ ውኃው በስንጥቡ ሲወጣ ደቃቅ ፍጥረታቱ ውስጥ ይቀራሉ። አኳሪየሙን ስመ ጥር ያደረገው ዌል ሻርክም፣ በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ሳለ፣ የሚበላው እንዲሁ አጥልሎ ነው። ቤት ውስጥ ጠላ ሲጠለል ያየ ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

የመግቢያው ዋጋ ለብዙ ልጆች ወላጅ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ከአኳሪየሙ ደጃፍ ያለው የሴንተኒያል ኦሊምፒክ ፓርክ በነፃ ነው። በበጋ ውኃው በአምስቱ የኦሊምፒክ ቀለበቶች ቅርጽ ከመሬት ይፈልቃል፣ ልጆች መሐሉ ገብተው ይረጫጫሉ። ቅያሪ ልብስና ፎጣ ያዙ።

ልጆቹ ፎጣ ለብሰው ሲቀመጡ ይህን ንገሯቸው። ፓርኩ የተሠራው ለ1996ቱ፣ በእኛ ለ1988ቱ ኦሊምፒክ ነው። ሐምሌ 21 ቀን የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ በዚህች ከተማ ጎዳናዎች ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ጨረሰች። ሁለተኛዋ የደረሰችው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት እሷ ናት። በማግስቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ይህን ከወላጆቻቸው ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? እኔ ስነግራቸው አንዳንዶቹ ተነሥተው በፓርኩ ዙሪያ መሮጥ ይጀምራሉ።

በኦበርን ጎዳና የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አለ፤ እሱም በነፃ ነው። ከባለቤታቸው ከኮሬታ ጋር ያረፉበት መቃብር በውኃ ተከብቦ ይታያል። አጠገቡ አባታቸውም እሳቸውም የሰበኩበት የኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ነው። የተወለዱበት ቤት ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ክላርክስተንና አካባቢው ለምትኖሩ ደግሞ ስቶን ማውንቴን ቅርባችሁ ነው። የእግር መንገዱ አንድ ማይል ያህል ሲሆን መጨረሻው ቀጥ ያለ አለት ስለሆነ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። በተራራው ጎን ላይ ባርነት እንዲቀጥል የተዋጋው የደቡቡ ወገን ሦስት መሪዎች ምስል ተቀርጿል። ልጁ ማን እንደሆኑ ይጠይቃችኋል። እውነቱን፣ እንደ ዕድሜው፣ መኪና ውስጥ ሳላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ከዚያ ተራራውን ውጡ። ሰማዩ ጥርት ካለ በስተምዕራብ የአትላንታ ሕንፃዎች ይታያሉ፤ ማንታው ያለው በየት በኩል እንደሆነ በጣቱ ያሳያችሁ።